የ49 ጨዋታዎች ዕዳ፦ የጃክ ዊልሼር ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2011፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4፡45። አርሰናል በሜዳው በኤምሬትስ ባርሴሎናን ይገጥማል። ኳስ በምናይበት ቤት አግዳሚዎቹ ሞልተው ሰው በር ላይ ተደራርቦ ቆሟል። እኔም በር ላይ ከቆሙት አንዱ ነበርኩ፤ የከፈልኩት ግን እንደ ተቀማጭ ነው። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ረጅም ስለነበር ከቴሌቪዥኑ ግማሹን ብቻ ነው ያየሁት። ያም ሆኖ 19 ቁጥር የለበሰውን ልጅ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ኳሱ ባለበት ሁሉ እሱ ነበረ።

በዚያኛው ወገን ዣቪ፣ ኢኒዬስታና ቡስኬትስ ተሰልፈዋል። ሦስቱም ከሰባት ወር በፊት ደቡብ አፍሪካ ላይ የዓለም ዋንጫ አንሥተዋል። ልጁ ደግሞ 19 ዓመት ከሞላው ገና ሁለት ወር አልደፈነም። ጀርባውን ለተጋጣሚው ሰጥቶ ኳስ ይቀበላል፤ ትከሻውን በአንዱ ወገን ጣል ያደርግና በሌላው ወገን ይወጣል። ኳሷን ቶሎ ማቀበል ሲችል አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ አንድ እርምጃ ይዟት ይገፋል። ተጋጣሚው እግሩን ሲሰነዝር ኳሷ ሄዳለች፤ የቀረው የልጁ እግር ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቪያ ለባርሴሎና አስቆጠረ፤ ቫን ፐርሲ በ78ኛው፣ አርሻቪን በ83ኛው ደቂቃ መልሰው 2 ለ 1 ሆነ። ቤቱ ተደበላለቀ። ረጅሙ ሰውዬ ዞሮ አቀፈኝ፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሻይ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። በማግሥቱ የሁላችንም ወሬ ግን ስለ ግቦቹ ሳይሆን ስለ ልጁ ነበር።

ከዚያ ምሽት 11 ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ጁላይ 8 ቀን 2022፣ ጃክ ዊልሼር በ30 ዓመቱ ጫማውን መስቀሉን አስታወቀ። ለአርሰናል ዋናው ቡድን የተሰለፈው 197 ጊዜ፣ ለእንግሊዝ 34 ጊዜ ነው። ብዙ አማካይ ተጫዋቾች ሜዳውን በልባቸው የሚያውቁት፣ በሁለት ንኪኪ ጨዋታ የሚያዝዙት በ30 ዓመታቸው ነው። እሱ በዚያ ዕድሜው ጨርሶ ነበር።

የአርሰናል ደጋፊ በሞላባት አገራችን የዊልሼር ስም ሲነሣ መልሱ አንድ ነው፦ «ዕድለ ቢስ ልጅ።» እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። አሁን ግን የጨዋታ ቁጥሮቹን ከቀኖቹ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ ዕድል የሚለው ቃል የሰዎችን ውሳኔ የሚሸፍን ጋቢ ሆኖ ይታየኛል።

አመጣጡ ባጭሩ ይህ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ስቲቨኔጅ ተወለደ። በሉተን ታውን የታዳጊዎች ቡድን ጥቂት ቆይቶ በዘጠኝ ዓመቱ ወደ አርሰናል ገባ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 2008 ብላክበርን ላይ በቫን ፐርሲ ተቀይሮ ሲገባ 16 ዓመት ከ256 ቀን ነበር፤ በዚያን ጊዜ በአርሰናል ታሪክ በሊግ ጨዋታ የተሰለፈ ትንሹ ልጅ እሱ ሆነ። በቀጣዩ የጸደይ ወቅት የወጣቶች ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ ሊቨርፑልን ካሸነፈው ቡድን ውስጥ ጎልቶ የወጣው እሱ ነበር። በ2010 መጀመሪያ በውሰት ለቦልተን ተሰጠ። ቦልተን በዚያ ወቅት ላለመውረድ የሚታገል ቡድን ነው፤ ጭቃና ክርን ያለበት ሜዳ። ልጁ እዚያ 14 የሊግ ጨዋታ አድርጎ ተመለሰ።

እስከዚህ ድረስ አካሄዱ የሚያስቀና ነው። ታዳጊን በጥቂት በጥቂቱ ማስገባት፣ በውሰት ማጠንከር፣ መመለስ። የያኔው የአርሰናል አሠልጣኝ ቬንገር ይህን ሥራ ያውቁበታል። ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያበላሸው ደግሞ ክፋት ሳይሆን የልጁ ጉብዝና ነው።

በ2010-11 የውድድር ዘመን ፋብሬጋስን የጭኑ ጡንቻ ያስቸግረዋል፤ ዲያቢ ከጉዳት አይወጣም። መሃል ሜዳው ላይ ከአሌክስ ሶንግ አጠገብ አንድ ቦታ ተከፈተና ልጁ ገባበት። ከዚያ አልወጣም። ፌብሩዋሪ ሲገባ አርሰናል በአራት ውድድሮች ውስጥ ነበር። ዊልሼር በ9ኛው ቀን ኮፐንሃገን ላይ ለእንግሊዝ ተሰለፈ፤ አርሰናል ከ12ኛው እስከ 27ኛው ቀን ባሉት 16 ቀናት አምስት ጨዋታ አደረገ። የባርሴሎናው ምሽት መካከል ላይ ነው። መጨረሻው በዌምብሌይ በበርሚንግሃም 2 ለ 1 የተሸነፉበት የሊግ ካፕ ፍጻሜ ነው፤ ግብ ጠባቂውና ተከላካዩ ሳይግባቡ ቀርተው ኦባፌሚ ማርቲንስ ባዶ መረብ ያገኘበት። የእኛ ሠፈር ደጋፊዎች ያንን ቀን እስከ ዛሬ በስሙ አይጠሩትም። ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከቻምፒየንስ ሊግም ከኤፍኤ ካፕም ወጡ።

ወቅቱ ሲያልቅ ዊልሼር 35 የሊግ፣ በጠቅላላው 49 ጨዋታ አድርጎ ነበር። ከአገሩ ቡድን ጋር ያደረጋቸው አምስት ሲጨመሩ 54። የተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ወጣት ብሎ ሸለመው። ከአንድ ዓመት በፊት ለዋናው ቡድን በመደበኛነት ያልተሰለፈ ልጅ ነው ይህን ሁሉ የተሸከመው።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ፤ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው። በጁን 2011 ዴንማርክ ላይ ከ21 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫ ነበር። እንግሊዝ ዊልሼርን ለመውሰድ ፈለገች። ልጁ ራሱ መሄድ እንደሚፈልግ ተናገረ። ቬንገር አልፈለጉም። ክርክሩ ሳምንታት ወሰደ፤ በመጨረሻ ደክሟል ተብሎ ከቡድኑ ቀረ። ማለትም ድካሙን ያላወቀ አልነበረም፤ ክለቡም ፌዴሬሽኑም ያውቁ ነበር። ይሁንና በዚያው ጁን በ4ኛው ቀን ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ከስዊዘርላንድ ጋር በዌምብሌይ ተሰለፈ። ለአንዱ ቡድን የደከመ እግር ለሌላው እንዴት እንደሚበረታ የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ጁላይ 31። ኤምሬትስ ካፕ የሚባለው የዝግጅት ውድድር ነው፤ ነጥብ የለውም። ተጋጣሚው ኒው ዮርክ ሬድ ቡልስ ሲሆን ተመልካቹ የመጣው ይበልጡን የቀድሞውን የአርሰናል ኮከብ ቴሪ ሄንሪን በእንግድነት ሊያጨበጭብለት ነው። ጨዋታው ብዙም ሳይገፋ ዊልሼር ቁርጭምጭሚቱን እያነከሰ ወጣ። የረገጠው ሰው የለም። መጀመሪያ ላይ ቀላል ጉዳት ነው ተብሎ ነበር። ሳምንታት አለፉ፤ ሕመሙ አልለቀቀም። በተደጋጋሚ ጫና የመጣ የአጥንት ስንጥቅ መሆኑ ታውቆ በሴፕቴምበር ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ይህን ዓይነት ስንጥቅ በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። አጥንት እንደ ድንጋይ የቆመ ነገር አይደለም። በሩጫና በዝላይ ብዛት በውስጡ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ ሰውነት የተጎዳውን እያፈረሰ በአዲስ ይተካዋል። ማፍረሱ ፈጣን ነው፣ መገንባቱ ዝግ ይላል፤ ለመገንባት የሚያስፈልገው ደግሞ ዕረፍት ነው። ዕረፍት ካልተገኘ ማፍረሱ ይቀድማል፤ አጥንቱ እየሳሳ ሄዶ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል። በመጀመሪያው ሰሞን በተራ ራጅ ላይታይም ይችላል። ስለዚህ ይህ ጉዳት የአንድ ቅጽበት ሥራ አይደለም፤ የወራት ሒሳብ ነው። ዊልሼር ጁላይ 31 ላይ የተጎዳ ይመስላል እንጂ ሒሳቡ የጀመረው ምናልባት እኛ በር ላይ ቆመን ስናጨበጭብለት ነው።

በጃንዋሪ 2012 ሊመለስ ሲዘጋጅ ሕመሙ አገረሸ። በሜይ ጉልበቱም ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። የ2012 የአውሮፓ ዋንጫ አለፈው፤ ለንደን ላይ የተካሄደው ኦሊምፒክም አለፈው። እሱ በሌለበት ፋብሬጋስና ናስሪ ሄዱ፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ተሸነፍን (ይቅርታ፣ «ተሸነፉ» ማለት ነበረብኝ)፤ በቀጣዩ ክረምት ቫን ፐርሲም ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጠ። እሱ የተወው 10 ቁጥር ገና አንድ ዓመት ላልተጫወተው ለዊልሼር ተሰጠ። ደጋፊው ተደሰተ። እኔም ተደሰትኩ። ዛሬ ሳስበው ለሚያነክስ ልጅ የተሰጠ ከባድ ሸክም ነበር። ኦክቶበር 27 ቀን 2012 ከኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ጋር ሲመለስ ከተጎዳ 15 ወር ሊሆነው አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ብቻ ልናገር። በሊግ ያደረጋቸው ጨዋታዎች በየዓመቱ ከ2010-11 ጀምሮ፦ 35፣ 0፣ 25፣ 24፣ 14፣ 3።

በመካከሉ ብርሃን አልነበረም ማለት አይደለም። ኦክቶበር 19 ቀን 2013 ኖሪች ላይ የተቆጠረችውን ግብ ያላየ ፈልጎ ይያት። ካዞርላ፣ ዊልሼርና ጂሩ ከሳጥኑ አፍ ላይ በአንድ ንኪኪ ይቀባበላሉ፤ ኳሷ መሬት ላይ ነች፣ ማንም አያቆማትም። ጂሩ በውጭ እግሩ ጠቅ ሲያደርጋት ዊልሼር ከተከላካዮቹ መካከል ሾልኮ ገብቶ አንዴ ብቻ ነካት። የተከላካዮቹን አንገት ብትመለከቱ የፒንግ ፖንግ ጨዋታ የሚያዩ ይመስላሉ። የቢቢሲ የዓመቱ ምርጥ ግብ ተብላለች። በ2014ና በ2015 ኤፍኤ ካፕ አነሣ፤ በሁለቱም ፍጻሜዎች ግን የገባው ተቀይሮ ነው። ጁን 14 ቀን 2015 ልዩብሊያና ላይ ስሎቬኒያን በሁለት ግብ ከርቀት መታ፤ ለአገሩ ያስቆጠራቸው ግቦች እነዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

በእያንዳንዱ ብርሃን መካከል ጉዳት አለ። ማርች 2014 በዌምብሌይ ከዴንማርኩ ተከላካይ ዳንኤል አጌር ጋር ተጋጭቶ የእግሩ አጥንት ተሰነጠቀ። ኖቬምበር 2014 በማንቸስተር ዩናይትድ ጨዋታ የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተጎዳ። በ2015 ክረምት ልምምድ ላይ የባቱ ቀጭን አጥንት ተሰነጠቀ። አሁን ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አውጧት። ዊልሼር ኳሷን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ይዞ ተጋጣሚውን ወደ ራሱ የሚጋብዝ ተጫዋች ነው። የሚያስጨበጭበው ይኸው ነው፣ የሚያስረግጠውም ይኸው ነው። በ19 ዓመቱ ከሸርተቴው በግማሽ እርምጃ ይቀድም ነበር። ከ15 ወር ዕረፍትና ከተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያቺ ግማሽ እርምጃ አልነበረችም፤ አጨዋወቱ ግን አልተለወጠም። እዚህ ላይ ጥፋቱን ከእሱ ላይ ማንሣት አልችልም። ሲጋራ ይዞ በፎቶግራፍ በመታየቱ ጋዜጦች ብዙ ቀለም አፍስሰዋል፤ እኔ ከሲጋራው ይልቅ ያቺ ግማሽ እርምጃ ናት የምታስጨንቀኝ።

ንጽጽር የሚያስፈልግ ከሆነ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ በዚያው መልበሻ ክፍል አሮን ራምሲ ነበረ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2010 ስቶክ ላይ በሾውክሮስ ሸርተቴ የባቱ ሁለቱም አጥንቶች ተሰበሩ። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ፊቱን አዙሯል። የራምሲ ጉዳት ከዊልሼር ስንጥቅ ጋር በክብደት የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም ራምሲ ተመልሶ በ2014ና በ2017 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜዎች ላይ የድል ግብ አስቆጠረ፤ ከ30 ዓመቱም በኋላ ተጫወተ። ልዩነቱን ሳስበው እንዲህ ይመስለኛል፦ የራምሲን ስብራት ዓለም ሁሉ ስላየው ቶሎ ተመለስ የሚለው አልነበረም። ሲድንም በውሰት ወደ ኖቲንግሃም ፎረስትና ካርዲፍ ተልኮ ከፕሪምየር ሊጉ ዝቅ ባለው ሊግ ቀስ ብሎ እግሩን ፈታ። የዊልሼር ስንጥቅ ግን አይታይም። የማይታይ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ «በሚቀጥለው ወር ይደርሳል» ያስብላል። ራምሲን ሰው ጠበቀው፤ ዊልሼርን ሰው ይናፍቀው ነበር። መናፈቅና መጠበቅ አንድ አይደሉም።

ለቬንገር የሚከራከር ሰው በቂ መልስ አለው። መሃል ሜዳው ባዶ ነበር፤ ለዋንጫ እየተፎካከሩ ምርጡን ተጫዋች አግዳሚ ላይ ማስቀመጥ በዚያ ሰሞን ደጋፊውን ያሳብድ ነበር። እውነት ነው፣ እኔን ራሴን ያሳብደኝ ነበር። ደግሞም ሁሉም በብዙ ጨዋታ አይሰበርም። የባርሴሎናውን ፔድሪን እንይ፦ በ2020-21 ክለቡን፣ የአውሮፓ ዋንጫንና የቶኪዮ ኦሊምፒክን ጨምሮ 73 ጨዋታ አድርጓል ተብሏል፤ ያኔ 18 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጡንቻው ደጋግሞ እየተጎዳ ለክለቡ 22 ጨዋታ ብቻ አደረገ። ብዙዎች «ሁለተኛው ዊልሼር» ብለው ፈሩለት። ፔድሪ ግን አገገመ፤ በ2024-25 ባርሴሎና የላ ሊጋን ዋንጫ ሲያነሣ የቡድኑ ሞተር እሱ ነበር። የእሱ የተጎዳው ጡንቻ ነው፣ የዊልሼር አጥንት፤ የሁለቱ አካል አንድ አይደለም። ስለዚህ 49 ጨዋታ ብቻውን ዊልሼርን ጨረሰው ብዬ አልምልም። የምለው፣ በዚያ ዓመት «ዛሬ አይጫወትም» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ሁሉ እንዲጫወት የሚያደርግ ምክንያት ነበረው። አሠልጣኙ ውጤት፣ ብሔራዊ ቡድኑ ማጣሪያ፣ ልጁ ፍላጎት፣ እኛ ደግሞ ጭብጨባ።

በነገራችን ላይ ይህ የለንደን ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ሠፈር የክረምት ውድድር ላይ ጎበዝ አማካይ ከተገኘ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ፣ ከሰዓት ለሠፈሩ ይሰለፋል፤ በማግሥቱ ኮረት ሜዳ ላይ ልምምድ አለበት። ደቂቃውን የሚጽፍለት የለም። ሲያነክስ «ተነሥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስስበት» ይባላል።

ቀሪውን በፍጥነት ልለፈው፤ ማንበቡም ያደክማል። በ2015-16 በሊጉ 141 ደቂቃ ብቻ ተጫውቶ የእንግሊዝ አሠልጣኝ የነበሩት ሆጅሰን ወደ ፈረንሳዩ የአውሮፓ ዋንጫ ወሰዱት፤ በአይስላንድ የተሸነፉበት ምሽት ለእንግሊዝ የመጨረሻው ሆነ፤ ዕድሜው 24። ለቦርንማውዝ በውሰት ሄዶ 27 የሊግ ጨዋታ አድርጎ ሳለ ኤፕሪል 2017 ከሃሪ ኬን ጋር ተጋጭቶ የባቱ አጥንት ዳግም ተሰነጠቀ። በ2017-18 ወደ አርሰናል ተመልሶ 38 ጨዋታ አደረገ፤ ቬንገር ሲሄዱ እሱም ሄደ። ዌስት ሃም የሦስት ዓመት ውል ሰጠው፤ በሁለት ዓመት 16 የሊግ ጨዋታ አድርጎ ኦክቶበር 2020 ላይ ተለያዩ። በ2021 ክረምት ክለብ የሚባል አልነበረውም። ጣሊያን ከኮሞ ጋር ልምምድ ሠራ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ላሉ ተጫዋቾች የተጣለው ገደብ አላስፈረመውም። ያኔ የአርሰናል አሠልጣኝ የነበረው አርቴታ በሩን ከፍቶለት ከአርሰናል ልጆች ጋር ሮጠ። ከዚያ ዴንማርክ፣ አርሁስ፣ 14 ጨዋታ።

ጫማውን በሰቀለ በቀናት ውስጥ የአርሰናል ከ18 ዓመት በታች ቡድን አሠልጣኝ ተባለ። ኤፕሪል 25 ቀን 2023 የወጣቶች ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ ልጆቹን ይዞ ኤምሬትስ ገባ፤ በዌስት ሃም 5 ለ 1 ተሸነፉ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ኢታን ኑዋኔሪ ነበር፤ ከሰባት ወር በፊት በ15 ዓመት ከ181 ቀን ለዋናው ቡድን ተሰልፎ የፕሪምየር ሊጉን የትንሽነት ክብረ ወሰን ሰብሯል። አማካይ ነው፤ ግራኝ ነው፤ ኳስ ይዞ መግፋት ይወዳል።

ዊልሼር በ2024 ወደ ኖሪች አሠልጣኞች ቡድን ሄደ፤ ኦክቶበር 2025 ላይ በዘጠኝ ዓመቱ ጥሎት የሄደው ሉተን ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ሾመው። 33 ዓመቱ ነበር። በዚያው ወር የ40 ዓመቱ ሉካ ሞድሪች ለኤሲ ሚላን መሃል ሜዳ ላይ ይሮጥ ነበር።